ፍሬንና ነዳጅ መስጫ አብረው ሲረገጡ

በዋግ ኽምራ ከሰቆጣ ተነሥተው ወደ ሰሃላ ሰየምት፣ ወደ ዝቋላና ወደ አበርገሌ በሚወስዱት የጠጠርና የአፈር መንገዶች ላይ ብዙውን የመንግሥትና የእርዳታ ሥራ የሚሸከመው ተሽከርካሪ ፒክአፕ ነው። ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ ወደ ጤና ኬላ የሚወርደው፣ ለሕፃናት የሚታደለውን አልሚ ምግብ የሚያደርሰው፣ የግብርና ባለሙያውንና የሴፍቲኔት ሠራተኛውን፣ አንዳንዴም በመንገድ ዳር ቆሞ የለመነውን ገበሬ አሳፍሮ የሚመለሰው ይኸው ባለ ነጠላ ወይም ባለ ሁለት ጋቢና መኪና ነው። አደጋ ሲደርስም ተጎጂው የሚጓዘው በዚያው አስቸጋሪ መንገድ ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል በመሆኑ፣ በከተማ ቀላል ጉዳት ሊባል የሚችለው በዚህ አካባቢ ነፍስ የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል።

በእነዚህ መኪናዎች አነዳድ ላይ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች መካከል ስሙ እምብዛም የማይነሣ አንድ አለ፤ እርሱም ሾፌሩ ሳያስበው ፍሬኑንና ነዳጅ መስጫውን በአንድ ጊዜ መርገጡ ነው። ስሕተቱ በተለያየ መልክ ይመጣል። ሰፊ ጫማ ያደረገ ሾፌር ፍሬኑን ለመያዝ ቀኝ እግሩን ሲያነሣ የጫማው ጠርዝ በነዳጅ መስጫው ላይ ሊቀር ይችላል፤ አውቶማቲክ ማርሽ ባለው መኪና ላይ ደግሞ ሥራ ያጣው ግራ እግር ፍሬኑ ላይ ሲያርፍ ቀኙ ነዳጅ መስጠቱን ሊቀጥል ይችላል፤ አልፎ አልፎም ነዳጅ መስጫውን ተጭኖ የያዘው እግር ሳይሆን ከሥሩ የተንሸራተተ ምንጣፍ ወይም ዕቃ ሆኖ ሳለ እግሩ ፍሬኑን ይረግጣል። ከእነዚህ ጋር የሚዛመደውና ከሁሉም የከፋው፣ ፍሬን የረገጠ የመሰለው ሰው በእውነቱ ነዳጅ መስጫውን ብቻ ረግጦ መገኘቱ ነው።

ብዙ ሰው ሁለቱ ፔዳሎች አብረው ሲረገጡ ሞተሩ ፍሬኑን እንደሚያሸንፍ ያምናል፤ እውነቱ ግን በአብዛኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። ጤነኛ ፍሬን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድን መኪና በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያቆማል፣ የፒክአፕ ሞተር ግን ያንኑ መኪና ከቆመበት ወደዚያ ፍጥነት ለማድረስ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ ስለዚህም ከሁለቱ የትኛው እንደሚበረታ ከዚህ ብቻ መረዳት ይቻላል። ካር ኤንድ ድራይቨር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ባደረገው ሙከራ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቶዮታ ካምሪ በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደና ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ ሳለ ፍሬኑ በሙሉ ኃይል ሲያዝ 58 ሜትር ያህል ተጉዞ ቆሟል፤ ነዳጅ መስጫው ሳይነካ በተደረገው ሙከራ ደግሞ 53 ሜትር ያህል ተጉዟል። ልዩነቱ የ5 ሜትር ያህል ነው። 5 ሜትር በሕፃን ፊት ብዙ ቢሆንም፣ ፍሬኑ ተሸንፏል ለማለት ግን አያስችልም።

ይሁንና ይህ ውጤት የተገኘው በቤት መኪና፣ በአስፋልት ላይና ፍሬኑ አንድ ጊዜ ጠንክሮ በተያዘበት ሁኔታ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የፒክአፕ ጉዳይ በብዙ ነገር ይለያል። ፒክአፕ በተለመደው ማርሽ ሲነዳ ሞተሩ የሚገፋው የኋላ ጎማዎቹን ሲሆን፣ የጭነቱ ሣጥን ባዶ በሆነ ጊዜ ደግሞ የኋላው ክፍል ቀላል ስለሚሆን የኋላ ጎማዎች በፍሬን ቶሎ እንዳይታሰሩ ሲባል በሃይሉክስና በመሰሎቹ ላይ አንድ ልዩ ቫልቭ ይገጠማል። ይህ ቫልቭ የመኪናው ወገብ በጭነት ምን ያህል ዝቅ እንዳለ እየለካ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት የሚመጥን ሲሆን፣ መኪናው ባዶ ከሆነ ግፊቱን ይቀንሳል። አሠራሩ በራሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሾፌሩ ሁለቱንም ፔዳል በረገጠ ጊዜ ፍሬኑ በዋናነት የሚይዘው የፊት ጎማዎችን፣ ሞተሩ የሚገፋው ደግሞ የኋላዎቹን ይሆናል ማለት ነው። በጠጠር ላይ የፊት ጎማዎች ታስረው መንሸራተት ሲጀምሩና የኋላዎቹ መግፋታቸውን ሲቀጥሉ መሪው ቢዞርም መኪናው አይታዘዝም፤ ኤቢኤስ የተባለው፣ ጎማ እንዳይታሰር የሚከላከለው መሣሪያ የሌላቸው አሮጌ ፒክአፖች ወደ መንገዱ ዳር የሚያመሩት በዚህ ሁኔታ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ዝቅተኛው የአራት ጎማ ማርሽ የገባበት ጊዜ ነው። ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚወርዱት ጥርጊያ መንገዶች ላይ፣ በደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥና በክረምት ጭቃ ላይ ሾፌሮች ይህን ማርሽ የሚጠቀሙት የሞተሩን የማዞር ኃይል ስለሚያበዛላቸው ነው። በአንደኛ ማርሽ ላይ የሞተሩ ኃይል በካምቢዮው፣ በዝቅተኛው ማርሽና በዲፈረንሻሉ ተባዝቶ ጎማው ዘንድ ሲደርስ 40 እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ በስሱ የተረገጠ ፍሬን መኪናውን ማቆም ቀርቶ ማዘግየትም ይከብደዋል፤ ፍጥነቱ ትንሽ መሆኑ ሾፌሩን ቢያዘናጋውም፣ በአንድ በኩል ግድግዳ በሌላው በኩል ገደል ባለበት ቦታ ላይ ከሁለት ሜትር የማይበልጥ ያልታሰበ ወደፊት መሄድ በቂ ጥፋት ያደርሳል።

የከፍታው ነገርም ሊታይ ይገባዋል፤ የአነዳድ መጻሕፍት እምብዛም አያነሡትምና። በአብዛኞቹ ፒክአፖች የሾፌሩን የእግር ጉልበት የሚያግዝ ሰርቮ የሚባል ክብ የብረት ጣሳ ከፍሬን ፔዳሉ ፊት ይገኛል። በጣሳው ውስጥ ያለ ስስ ጎማ ሁለት ክፍል ያደርገዋል፤ በአንዱ ወገን አየር ተመጥጦ ሲወጣ በሌላው ወገን የሚገባው የውጭ አየር ጎማውን ስለሚገፋ ሾፌሩ በትንሽ ጉልበት ትልቅ ግፊት ያገኛል። እገዛው እንግዲህ የሚመጣው ከውጭው አየር ግፊት ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ ሰርቮው ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ እገዛም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር በዚያ ከፍታ አየር ስለሚያንሰው እርሱም ጉልበቱ አብሮ ይቀንሳል። ቱርቦ ያለው አዲስ ሞተር ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ጉልበቱን ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ በአዲሶቹ መኪናዎች ላይ በሞተሩና በፍሬኑ መካከል ያለው ሚዛን በደጋ ላይ ከቆላው ይልቅ ወደ ሞተሩ ያደላል። ሾፌሩ ፔዳሉን በሙሉ ጉልበቱ እንዲረግጥ የሚጠየቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሰርቮው የሚፈልገው ባዶነት ከየት እንደሚመጣም ማወቅ ይጠቅማል። በቤንዚን ሞተር ላይ አየሩን የሚመጥጠው ሞተሩ ራሱ ሲሆን፣ ይህ መምጠጥ ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ በተከፈተ ጊዜ ስለሚጠፋ ሰርቮው የሚተማመነው ቀድሞ ባከማቸው ላይ ብቻ ነው፤ ሾፌሩ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ እያነሣ ቢመታው ክምችቱ ያልቅና ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በዋግ መንገዶች የሚበዙት የናፍጣ መኪናዎች በሞተሩ የሚዞር የራሳቸው ፓምፕ ስላላቸው ነዳጅ መስጫው ቢረገጥም መምጠጡ አይቋረጥም። ይህ ለአካባቢው ሾፌር መልካም ዜና ነው፤ ሆኖም ሞተሩ ከጠፋ ፓምፑም አብሮ ይቆማልና፣ ቁልፉን ቶሎ ማጥፋት ነገሩን ሁሉ ይፈታል የሚለው እምነት አደገኛ ነው።

ሁለቱን ፔዳል አብሮ የመርገጥ ልማድ ጉዳት በአንድ ቅጽበት ብቻ ላይታይ ይችላል። ግራ እግሩን በፍሬኑ ላይ አሳርፎ የሚነዳ ሾፌር መኪናው እየሄደለት ስለሆነ ምንም የተበላሸ ነገር የለም ብሎ ያስባል፤ ነገር ግን የፍሬኑ ሸራ ያለማቋረጥ ከዲስኩና ከታምቡሩ ጋር እየተፋተገ ይሞቃል፣ የኋላ መብራቱም ሳይጠፋ ስለሚቆይ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር መኪናው በእርግጥ ሲቆም ሊያውቅ አይችልም። ሙቀቱ ምን ያህል እንደሚከፋ ለመረዳት ከኮረም ወደ አላማጣ የሚወርደውን የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ መንገድ ማሰብ ይበቃል። በዚያ መንገድ አንድ መኪና በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ 1,000 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ጉልበት ከ80 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍላት የሚችል ነው። ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ከወረደ ብዙውን ሞተሩ ይቀበለዋል፤ በዜሮ ማርሽ ከወረደ ወይም ቀኝ እግሩ ሳያውቀው ነዳጅ የሚጨምር ከሆነ ግን ሸክሙ ሁሉ በሸራው ላይ ይወድቃል። ዶት 3 የተባለው የተለመደ የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከዓመታት በኋላ እርጥበት ከሳበ ደግሞ በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ስለሚሆን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ቢወርድም ጎማው አይያዝም፤ በዚያን ጊዜ የሚሰማው ፍሬን በጠሰ የሚለው ቃል እውነት ይሆናል፣ የበጠሰው ግን ከዚያ በፊት ባሉት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ነው።

ከሜካኒኩ ነገር ይልቅ አስቸጋሪው የሰው ነገር ነው። እግር ፔዳሉን አያየውም፤ ከወንበሩ፣ ከመሪውና ከልማድ ተነሥቶ ቦታውን ይገምታል። ግምቱ አልፎ አልፎ ሊስት ይችላል፣ ሲስትም አእምሮ ያዘዘው ፍሬን ስለሆነ ሾፌሩ የረገጠው ፍሬን መሆኑን በፍጹም እርግጠኝነት ያምናል። መኪናው ከመቆም ይልቅ ሲፈተለክ ያን ጊዜ የሚመጣለት ሐሳብ እግሬ ስቷል የሚል ሳይሆን ፍሬኑ አልያዘም የሚል ነው፤ ስለዚህም የረገጠውን አብልጦ ይረግጣል። ሪቻርድ ሽሚት የተባለው አሜሪካዊ የእንቅስቃሴ ሳይንስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት ይህን ሁኔታ ሲመረምር፣ ትክክለኛው ፔዳል ተመርጦ ሳለ የእግሩ ጉዞ ብቻ ሊሳሳት እንደሚችልና ሾፌሩም ስሕተቱን ለይቶ ለማረም የሚያስችለው ስሜት እንደማይደርሰው አስረድቷል። ስሕተቱ ከሚያጋጥምባቸው ጊዜዎች አንዱ መኪናው ገና ሲነሣ ነው፤ ወደ ኋላ ለመንዳት ሰውነቱን ያዞረ ሾፌር ወገቡ ሲዞር እግሩም አብሮ ቦታ እንደሚለውጥ አያስተውልም። በገበያ ቀን በሰዎችና በአህዮች መካከል ፒክአፕ ወደ ኋላ የሚያወጣ ሾፌር በትክክል በዚህ አቋም ላይ ይገኛል።

የዚህ ክርክር ታላቁ ታሪክ የአውዲ 5000 ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1986 ሲክስቲ ሚኒትስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ ይህ መኪና ፍሬኑ ተይዞ ሳለ በራሱ እየተፈተለከ ሰው ይጎዳል የሚሉ ባለቤቶችን አቀረበ፤ ኩባንያው በአሜሪካ በ1985 ከ74,000 በላይ መኪና ሸጦ የነበረው በ1991 ወደ 12,000 ገደማ ወረደ። የአሜሪካ መንግሥት የአውራ ጎዳና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያስጠናው ምርመራ በ1989 ሲወጣ ዋናው ምክንያት ፔዳል መሳሳት መሆኑን ደመደመ፤ የፔዳሎቹ አቀማመጥም ለስሕተቱ አስተዋጽኦ እንዳለው አመለከተ። ከዚህ ታሪክ ሊወሰድ የሚገባው ባለቤቶቹ ዋሽተዋል የሚል ፍርድ አይደለም፤ በእግራቸው የተሰማቸውን በቅንነት ተናግረዋል። ከዚያ ክርክር ከወጡት ፍሬዎች አንዱ ዛሬ በአውቶማቲክ መኪናዎች ሁሉ የሚገኘው፣ ፍሬን ሳይረገጥ ማርሹን ከማቆሚያው ቦታ እንዳይነቃነቅ የሚያደርገው ቁልፍ ነው።

በኢትዮጵያም አደጋ ሲደርስ ፍሬን በጠሰ የሚለው ምክንያት ከሁሉ ፈጥኖ የሚሰማ ነው። ይህ ቃል ሳይመረመር ሊታመንም ሳይመረመር ሊናቅም አይገባም፤ በእርግጥ የተበላሸ ፍሬን ምልክት ይተዋልና። የፈሰሰ ዘይት፣ የተቀደደ ቱቦ፣ ያለቀ ሸራ ወይም በሙቀት የሰማያዊ ቀለም የያዘ ዲስክ ከተገኘ ምስክርነቱ ተረጋገጠ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ፔዳሉም ጠንካራ ሆኖ ከተገኘ ግን መርማሪው ወደ ወለሉ ወርዶ ምንጣፉን፣ የፔዳሎቹን ርቀትና የሾፌሩን ጫማ ማየት ይኖርበታል። ይህን የማያደርግ ምርመራ ሾፌሩን ወይ በሐሰት ይኮንናል ወይ በሐሰት ነጻ ያወጣል፣ ቀጣዩን አደጋ ግን አይከላከልም።

ወለሉ ምን ያህል ሊገድል እንደሚችል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2009 በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ አቅራቢያ የደረሰው አደጋ አሳይቷል። በዚያ አደጋ አንድ ልምድ ያለው የአውራ ጎዳና ፖሊስ ከሦስት የቤተሰቡ አባላት ጋር የሞተው በትውስት በተሰጠው ሌክሰስ መኪና ውስጥ ሲሆን፣ ነዳጅ መስጫውን ተጭኖ የያዘው ለሌላ ሞዴል የተሠራና በወለሉ ላይ በመያዣ ያልታሰረ የጎማ ምንጣፍ ነበር። ፍሬኑ ተቃጥሎ ተገኝቷል፤ ሾፌሩ ደጋግሞ ረግጦት ነበርና። ቶዮታ ከዚህ በኋላ በምንጣፍ ምክንያት ከጠራቸው ወደ 3.8 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪናዎች መካከል ታኮማና ተንድራ የተባሉት ፒክአፖቹም ይገኙ ነበር። የናሳ መሐንዲሶች ለአሥር ወራት ያህል ኤሌክትሮኒክሱን መርምረው በ2011 ባወጡት ዘገባ እንዲህ ያለውን መፈትለክ የሚያስከትል የኤሌክትሮኒክ ጉድለት አላገኙም። ነገሩ ግን በዚህ አልተዘጋም፤ ኩባንያው የምንጣፉንና የሚጣበቀውን ፔዳል ችግር ለሕዝብ በመደበቁ በ2014 ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከካሊፎርኒያው መኪና ወደ ዋግ ፒክአፕ ቢመጣ ሥዕሉ ሩቅ አይደለም፦ በፋብሪካው ምንጣፍ ላይ ለአቧራው የተደረበ ሌላ ምንጣፍ፣ በላዩም ካርቶን፣ ከወንበሩ ሥር የሚንከባለል ባዶ ሃይላንድ ወይም የቁልፍ መፍቻ፣ ቁልቁለት ሲጀመር ሁሉም ወደ ፊት፣ ወደ ፔዳሎቹ ይመጣል።

ከካሊፎርኒያው አደጋ ወዲህ የተስፋፋው መፍትሔ፣ ሁለቱ ፔዳሎች አብረው መረገጣቸውን ኮምፒዩተሩ ሲያይ የሞተሩን ነዳጅ የሚቀንስበት ሥርዓት ነው። በአዳዲስ መኪናዎች ነዳጅ መስጫው ከሞተሩ ጋር በሽቦ የተያያዘ ሳይሆን እግሩ ምን ያህል እንደተጫነ የሚናገር የኤሌክትሪክ መልእክት ወደ ኮምፒዩተሩ የሚልክ በመሆኑ፣ የፍሬኑ መልእክት ሲመጣ ኮምፒዩተሩ ለፍሬኑ ያደላል። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ሁሉን ቻይ ግን አይደለም። ቶዮታ በአሜሪካ ገበያ ያስተዋወቀው ዓይነት የሚሠራው ነዳጅ መስጫው ቀድሞ ተረግጦ ፍሬኑ ከዚያ በኋላ ጠንክሮ ሲያዝና መኪናው በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ሲሄድ ነው፤ ይህም በዳገት ላይ ፍሬን ይዞ ነዳጅ እየሰጠ የሚነሣ ሾፌር እንዳይከለከል ተብሎ ነው። በገበያ መካከል ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና እንግዲህ ከዚህ ጥበቃ ውጭ ሊሆን ይችላል። ፍሬን ሳይነካ ነዳጅ መስጫውን ብቻ ለረገጠ ሰው ደግሞ ይህ ሥርዓት ምንም አይረዳውም፤ ለእርሱ ሲባል ጃፓን፣ ከፊት እንቅፋት ሳለ ነዳጅ መስጫው በኃይል ሲረገጥ የሞተሩን ኃይል የሚገታ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2028 ጀምሮ በአዳዲስ አውቶማቲክ መኪናዎች ላይ ግዴታ ለማድረግ ወስናለች። ለዚህ ውሳኔ ከገፉት አደጋዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2019 በቶኪዮ ኢኬቡኩሮ እናትና የሦስት ዓመት ልጇ የሞቱበት ሲሆን፣ የ87 ዓመቱ ሾፌር ፍሬን መስሎት ነዳጅ መስጫውን መርገጡን ፍርድ ቤቱ አረጋግጧል።

በዋግ ኽምራ የሚሠሩት ብዙዎቹ ፒክአፖች ከዚህ ሁሉ በፊት የተሠሩ ወይም በአሮጌው አሠራር የቀጠሉ ናቸው። ላንድክሩዘር ፒክአፕ ለብዙ ዓመታት የተሸከመው 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያገኘው በሽቦ ከሚሳብ ፓምፕ ስለሆነ፣ እግሩ ያዘዘውን ከመፈጸም በቀር ሾፌሩን የሚጠይቅ ኮምፒዩተር የለውም። ይህ ሞተር ለአካባቢው ስለሚስማማ መወደዱ ተገቢ ነው፤ በየትም ጋራዥ ይጠገናል፣ አቧራና መጥፎ ናፍጣም ይችላል። ነገር ግን አዲሱ መኪና በኮምፒዩተር የሚሠራውን ጥበቃ በአሮጌው መኪና ላይ መሥራት ያለባቸው የሾፌሩ እግርና የመኪናው ወለል ናቸው፤ ለዚህ መኪና ስለ ጫማና ስለ ምንጣፍ መናገር ትንሽ ነገር አይደለም፣ የደኅንነቱ ዋና ክፍል ነው እንጂ።

ሽቦውም የራሱ ክትትል ያስፈልገዋል። የዋግ ደቃቅ አቧራ በሽቦው ሽፋን ውስጥ ሲገባና ቅባቱ ሲደርቅ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም፤ የሚመልሰው ሞላ ከደከመ ደግሞ ጭራሹን በግማሽ ተይዞ ይቀራል። የፔዳሎቹ የጎማ ልባስ በልቶ ብረቱ ሲወጣ እርጥብ ጫማ ያንሸራትታል፣ እግሩም ከፍሬኑ ጠርዝ ወርዶ በነዳጅ መስጫው ላይ ያርፋል። ጫማውን በተመለከተ፣ ሰፊ ሶል ያለው ከስክስ ሁለቱን ፔዳል አንድ ላይ ለመንካት ከሁሉ የተመቸ ሲሆን፣ ነጠላ ጫማና ሸበጥ ደግሞ ከተረከዝ ወልቀው ከፔዳሉ ሥር ይገባሉ፤ ጭቃ የያዘ የላስቲክ ጫማም ከሁለቱ የተሻለ አይደለም። ተረከዙን የሚይዝ፣ ጠባብና ስስ ሶል ያለው ጫማ በመኪናው ውስጥ አስቀምጦ መለወጥ በርካሽ የሚገኝ መድኃኒት ነው።

በካምቢዮ የሚነዳ መኪና ሾፌር ግን አንድ ትልቅ ዕድል አለው፤ እርሱም ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮን ሞተሩንና ጎማውን የሚያገናኘውንና የሚለያየውን መሣሪያ የሚያዝዘው የግራ እግር ፔዳል በመሆኑ፣ የደነገጠ ሾፌር በሁለት እግሩ ወለሉን ቢመታ ግራው ፍሪሲዮኑን እስከረገጠ ድረስ ቀኙ ፍሬንና ነዳጅ መስጫን አብሮ ቢይዝም ሞተሩ ባዶውን ይጮኻል እንጂ መኪናውን አይገፋም። በአሮጌው ናፍጣ ሞተር ፓምፕ ላይ የፍጥነት ገደብ ስላለ ጩኸቱ አስፈሪ ቢሆንም ሞተሩን ቶሎ አያፈነዳም። አውቶማቲክ መኪና ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው እጅ ነው፤ ማርሹን ወደ ዜሮ መግፋት ይኖርበታል። ስለዚህም መኪናው በድንገት ሲፈተለክ ሾፌሩ ሁለቱንም እግሮቹን አንሥቶ፣ በካምቢዮ የሚነዳ ከሆነ ፍሪሲዮኑን ረግጦ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ፍሬኑን ሳያቋርጥ አንድ ጊዜ በሙሉ ጉልበቱ መያዝ አለበት። ሞተሩን ማጥፋት የሚገባው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው፤ እየሄደ ሳለ ቁልፉን እስከ መጨረሻው መልሶ መንቀል መሪውን ሊቆልፈው ይችላል።

ሁለቱን ፔዳል አውቆ አብሮ መርገጥ የሚያስፈልግበት ጊዜም እንዳለ መካድ አይገባም። በአንድ ወገን ጎማው በአየር ላይ ቀርቶ የሚሽከረከርበት ሾፌር ነዳጅ እየሰጠ ፍሬኑን በስሱ ሲነካ የሚሽከረከረው ጎማ ተይዞ ኃይሉ መሬት ወደነካው ጎማ ሊዛወር ይችላል። መካኒኮችም የአውቶማቲክ ካምቢዮን ጤንነት ለማየት ፍሬን ይዘው ነዳጅ ይሰጣሉ፤ ዘይቱ እጅግ ስለሚሞቅ ግን ሙከራው ከአምስት ሰከንድ እንዳይበልጥ ይታዘዛሉ። ይህ የአምስት ሰከንድ ገደብ ሳያውቁ ሁለቱን ረግጠው ለደቂቃዎች በሚነዱ ሰዎች ካምቢዮ ላይ ምን እንደሚደርስ ያመለክታል።

ጉዳዩን ዛሬ ይበልጥ አሳሳቢ የሚያደርገው የመኪናዎቹ መለወጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኢትዮጵያ ከተሞች የኤሌክትሪክ መኪናዎች በፍጥነት በዝተዋል፤ አውቶማቲክ ፒክአፖችም በየመሥሪያ ቤቱ እየገቡ ነው። እነዚህ ሁሉ ሁለት ፔዳል ብቻ ያላቸው ሲሆን፣ የሚነዷቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ በሦስት ፔዳል የሠለጠኑ ናቸው። ለሃያ ዓመት ፍሪሲዮን የረገጠ ግራ እግር በአዲሱ መኪና ላይ መኪናው ሊቆም ሲል በልማዱ ወደ ወለሉ ይወርዳል፣ በፍሪሲዮኑ ፋንታም የሚያገኘው የሰፊውን ፍሬን ጫፍ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቀኙ ነዳጅ መስጫው ላይ ከሆነ ሁለቱ ይገናኛሉ። ግራ እግርን ከፔዳሎቹ በስተግራ በተሠራለት ማሳረፊያ ላይ አድርጎ በቀኝ እግር ብቻ መንዳትን ለመልመድ ከሰው ርቆ በሜዳ ላይ ጥቂት ሰዓታት መለማመድ ያስፈልጋል፤ ይህን ልምምድ ሳያስደርግ ሾፌሩን በአዲስ መኪና ወደ ሰሃላ ቁልቁለት የሚያሰማራ ኃላፊ ሾፌሩን ብቻውን ተጠያቂ ሊያደርገው አይችልም።

በወረዳ መሥሪያ ቤቶች አንዱን ፒክአፕ ብዙ ሾፌሮች ስለሚፈራረቁበት፣ ረጅሙ ሾፌር ወደ ኋላ የገፋውን ወንበር አጭሩ ሳያስተካክል ሲነሣ በጣቱ ጫፍ ፔዳል እየፈለገ ይነዳል። ቁልፉን የሚረከበው ሾፌር ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ወንበሩን ወደ ልኩ አምጥቶ፣ የተደረበውን ምንጣፍና በወለሉ ላይ ያለውን ዕቃ አውጥቶ፣ ፔዳሎቹን አንድ በአንድ ረግጦ ነዳጅ መስጫው ወዲያው መመለሱን፣ ፍሬኑም ተይዞ ሲቆይ ቀስ እያለ አለመስመጡን ቢያይ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። ይህ ምርመራ በስምሪት ወረቀቱ ላይ ከኪሎ ሜትሩና ከነዳጁ መጠን ቀጥሎ በአንድ መስመር ተጽፎ በተረካቢው ፊርማ ሊጸና ይችላል።